የጨርቅ ዳይፐር አጠቃቀምና የቤተሰብ ወጪ ቁጠባ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢው

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው በሚገኙ ቡና አምራች ወረዳዎች የሚኖሩ ወላጆች ልጅ ከተወለደበት ዕለት አንሥቶ ከሚሸከሟቸው ተደጋጋሚ ወጪዎች አንዱ የዳይፐር ግዢ ነው። የቤት ኪራይና የአስቤዛ ወጪ መጠን አስቀድሞ ስለሚታወቅ ቤተሰቡ ይዘጋጅበታል። ዳይፐር ግን ከሰፈር ሱቅ በፍሬ እየተገዛ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት የሚወጣ ገንዘብ በመሆኑ ድምሩ ሳይታወቅ ወራት ያልፋሉ። ይህ መረጃ የጨርቅ ዳይፐርን መጠቀም ምን ያህል ወጪ እንደሚቀንስ፣ ምን ያህል ጨርቅ መዘጋጀት እንዳለበት፣ እንዲሁም ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አካባቢ ጨርቁን በንጽሕና ይዞ ለማድረቅ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያብራራል።

የጨርቅ ዳይፐር ለኢትዮጵያ ቤተሰብ አዲስ ነገር አይደለም። ያረጀ ነጠላ ወይም ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ቀዶ፣ አጥፎ ለሕፃኑ የሽንት ጨርቅ ማድረግ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሸጋገር የኖረ ልማድ ነው። እናቶችና አያቶች ሕፃኑ ከእንቅልፉ ሲነቃና ጡት ከጠባ በኋላ ይዘው የሚያሸኑበት ዘዴም በየቀኑ የሚቆሽሸውን ጨርቅ ቁጥር ይቀንስ ነበር፤ ዛሬም ይቀንሳል። በአንጻሩ ተጠቅመው የሚጥሉት ዳይፐር በዓለም ገበያ በስፋት መሸጥ ከጀመረ ገና ስድሳ ዓመታትን ጥቂት ያለፈ ነው፤ ፓምፐርስ በሚል ስም የሚታወቀው ምርት በአሜሪካ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር።

ተጠቅመው የሚጥሉት ዳይፐር ጥቅም እንዳለው መካድ አይገባም። ለጉዞ፣ ለሌሊትና ውኃ ለጠፋበት ዕለት አመቺ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ገንዘብ ሲያጥር ነው። ወላጆች ወጪውን ለመቀነስ ሲሉ አንዱን ዳይፐር ከሚገባው ሰዓት በላይ በሕፃኑ ላይ ያቆዩታል፤ ዳይፐሩ ደረቅ መስሎ ስለሚታይም ልጁ ለረጅም ሰዓት ሳይቀየርለት ይቆያል። ውጤቱ የመቀመጫ መቅላት፣ መላላጥና የሕፃኑ እንቅልፍ ማጣት ይሆናል። በዚህ ምክንያት የጨርቅ ዳይፐር ጉዳይ ከቁጠባ ባሻገር የሕፃኑን ጤና የሚነካ ነው፤ ጨርቅ ያለው ቤተሰብ ልጁን ለመቀየር ኪሱን መመልከት አያስፈልገውም።

ወጪው ሲሰላ

የዳይፐር ዋጋ ከሱቅ ሱቅ፣ ከመጠን መጠንና ከወር ወር ስለሚለያይ ከዚህ በታች የቀረበው ስሌት ለምሳሌ ያህል ብቻ የተወሰደ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በሚገዛበት ዋጋ ተክቶ ሊያሰላው ይችላል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን እስከ አሥር ጊዜ መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። በመጀመሪያው ወር በቀን 10፣ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ወር በቀን 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሁለት ዓመት በቀን 5 ዳይፐር ቢወሰድ፣ በተራ 300፣ 1,050 እና 2,700፣ በድምሩ 4,050 ዳይፐር ይሆናል። የአንዱ ዋጋ 20 ብር ነው ብንል የሁለት ዓመቱ ወጪ 81,000 ብር ይደርሳል።

በጨርቅ በኩል ደግሞ 24 ጨርቅ እያንዳንዱ በ100 ብር 2,400 ብር፤ አምስት ውኃ የማያሳልፍ የላይ መሸፈኛ እያንዳንዱ በ300 ብር 1,500 ብር፤ ክዳን ያለው ባልዲ፣ የልብስ መቆንጠጫና መርፌ ቁልፍ 600 ብር ቢገመቱ፣ የመነሻው ወጪ 4,500 ብር ነው። ለሳሙና፣ ለተጨማሪ ውኃና ለከሰል በወር 400 ብር ቢታሰብ በሁለት ዓመት 9,600 ብር ይጨመርበታል። ጠቅላላው 14,100 ብር ሆነ ማለት ነው። የሁለቱ ልዩነት 66,900 ብር ነው። በሌላ አነጋገር በጨርቅ አንድ ጊዜ መቀየር 3 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ያስወጣል፤ ስለዚህ የሚጣለው ዳይፐር ዋጋ ከዚህ እስካልወረደ ድረስ ጨርቁ ይረክሳል።

ብዙ ቤተሰቦች የሚመርጡት ሁለቱን አቀላቅሎ መጠቀምን ነው። ቀኑን በጨርቅ ውሎ ለሌሊት አንድ የሚጣል ዳይፐር የሚጠቀም ቤተሰብ በሁለት ዓመት ለዚሁ 14,400 ብር ይጨምራል። ጠቅላላ ወጪው ወደ 28,500 ብር ከፍ ቢልም ከ52,000 ብር በላይ ማትረፉ አይቀርም። ጨርቁን በሰው የሚያሳጥብ ቤተሰብ ቢሆን እንኳ፣ በወር 800 ብር ቢከፍል፣ ያለ ሌሊቱ ዳይፐር 47,700 ብር ይተርፈዋል።

በዚህ ስሌት ውስጥ በብር ያልተተመነ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የእናት ድካም ነው። የሕፃን ጨርቅ በየዕለቱ ወይም በየሁለት ቀኑ ይታጠባል። ውኃ ከሩቅ የሚቀዳ ከሆነ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ቁጠባው የቤተሰቡ ሆኖ ድካሙ የእናቲቱ ብቻ ከሆነ ትርፍ ተገኘ ለማለት ያስቸግራል። አባት ውኃ በመቅዳት፣ ጨርቅ በማስጣትና በመሰብሰብ ሊሳተፍ ይገባል። በተለይ ሥራው በታላቋ ሴት ልጅ ላይ ወድቆ ከትምህርት ገበታዋ እንዳያስቀራት ወላጆች ሊጠነቀቁ ይገባል።

የቡና ገቢና የግዢ ጊዜ

በኅዳር 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ የሚገኙት የቤንች ሸኮና የሸካ ዞኖች ነዋሪዎች በአመዛኙ ኑሯቸውን በቡና ላይ የመሠረቱ ናቸው። ቡና እንደየአካባቢው ከፍታ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ይለቀማል። በዚህ ወቅት የቡና ባለቤቱም ለቃሚውም እጁ ላይ ገንዘብ ያገኛል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ወራት፣ በተለይም ክረምቱ፣ ገንዘብ የሚጠብባቸው ናቸው።

የሚጣል ዳይፐር ለእንዲህ ዓይነቱ ገቢ አይመችም። ገቢው በዓመት አንድ ጊዜ የሚገኝ ሲሆን ወጪው ግን በየቀኑ ነው። ገንዘብ ሲኖር በጥቅል የሚገዛው ቤተሰብ ገንዘብ ሲያጥረው በፍሬ ይገዛል፤ በፍሬ ሲገዛ ደግሞ የአንዱ ዋጋ ከጥቅሉ ይወደዳል። የጨርቅ ዳይፐር አብዛኛው ወጪ በመጀመሪያው ቀን ስለሚከፈል ከቡና ሽያጭ ገንዘብ ላይ አንሥቶ ለዓመት መዘጋጀት ይቻላል። ልጅ የሚጠብቁ ባልና ሚስት ከቡናው ገንዘብ ላይ ከ4,000 እስከ 5,000 ብር ለዚህ ቢያስቀምጡ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ የሚቀራቸው የሳሙና ወጪ ነው። የመነሻውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማውጣት የማይችሉ እናቶች በእቁብ ወይም በቁጠባና ብድር ማኅበራቸው በኩል ሊያሟሉት ይችላሉ። ስድስት ስድስት ጨርቅ እየጨመሩ መቀጠልም አንድ መንገድ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን መሟላት የለበትም።

ስንት ጨርቅ ያስፈልጋል?

ለደረቅና ነፋሻማ ቦታ የተጻፉ ምክሮች ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አራት ጨርቅ ይበቃል ይላሉ። ይህ ለሚዛን ተፈሪና ለቴፒ አይሠራም። ቴፒ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃታማና እርጥበት የበዛባት ከተማ ናት። ሚዛን ተፈሪ ከእርሷ ከፍ ብትልም የዝናቡ ብዛት ተመሳሳይ ነው። በሁለቱም አካባቢዎች በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ ዝናቡም ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በታኅሣሥ ጠዋት ተሰጥቶ ከሰዓት የሚደርቅ ጨርቅ በነሐሴ ሦስተኛ ቀኑን ሊይዝ ይችላል።

በመሆኑም የጨርቁን ቁጥር የሚወስነው ለመድረቅ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ስሌቱም የሚከተለው ነው፤ በቀን የሚቆሽሸው ጨርቅ ብዛት ለመድረቅ በሚፈጀው ቀን ተባዝቶ የአንድ ቀን መጠባበቂያ ይደመርበታል። በቀን ስድስት ጨርቅ የሚጠቀም ሕፃን ያለው ቤተሰብ፣ ጨርቁ በሦስት ቀን የሚደርቅ ከሆነ፣ ስድስት በሦስት አሥራ ስምንት፣ ከስድስት መጠባበቂያ ጋር 24 ጨርቅ ያስፈልገዋል። በበጋ ግማሹ ይበቃል። ቁጥሩ አንሶ የተጀመረ እንደሆነ ቤተሰቡ በመጀመሪያው የዝናብ ሳምንት እርጥብ ጨርቅ ለማልበስ ወይም ጨርራሹን ለመተው ይገደዳል፤ ጀምረው ከተዉት ብዙዎቹ የተዉት በዚህ ምክንያት ነው ብሎ መገመት አያስቸግርም።

የጨርቁ ዓይነትም ከቁጥሩ ያልተናነሰ ዋጋ አለው። በገበያ ላይ ከሚገኙት መካከል ወፍራም፣ ብዙ ንጣፍ በአንድ ላይ የተሰፋባቸውና በቁልፍ ወይም በማጣበቂያ የሚዘጉት ለማልበስ ይቀላሉ፤ ነገር ግን ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው። ለዚህ አካባቢ ተመራጭ የሚሆነው ተዘርግቶ የሚሰጣው ባለ አራት ማዕዘን ነጠላ ጨርቅ ነው። ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጥጥ ጨርቅ ሲታጠፍ ስድስትና ስምንት ድርብ ይሆናል፤ ታጥቦ ሲዘረጋ ግን አንድ ንጣፍ ብቻ በመሆኑ ነፋስ ቶሎ ያደርቀዋል። አቡጀዲ፣ ያረጀ የጥጥ አንሶላ ወይም ነጠላ ለዚህ ያገለግላሉ። አዲስ አቡጀዲ ከፋብሪካ የሚወጣው በማጠንከሪያ ታሽቶ ስለሆነ ፈሳሽ በደንብ አይመጥም፤ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት አራትና አምስት ጊዜ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ መዘጋጀት አለበት። ናይለንና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ አይመጥም፤ ሊመረጥ አይገባም።

ጨርቁ ራሱ ስለሚያሳልፍ ከላይ መሸፈኛ ይደረግበታል። መሸፈኛው በወገብና በጭን ላይ ላስቲክ ያለው፣ ውኃ የማያሳልፍ ግን አየር የሚያስገባ ቢሆን ይመረጣል። በመሸፈኛ ምትክ ፌስታል ማሰር ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ ሙቀትና እርጥበት አፍኖ ቆዳውን ያቆስላል፣ ሕፃኑ በእጁ ካገኘውም አፍና አፍንጫውን ሊዘጋ ይችላል። መርፌ ቁልፍ የሚጠቀሙ ወላጆች ሲወጉ የራሳቸውን ጣት በጨርቁና በሕፃኑ ሆድ መካከል ማድረግ ይኖርባቸዋል።

አስተጣጠብ

የሕፃን ዓይነ ምድር ንጹሕ ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ አለ። ትክክል አይደለም። የሕፃን ዓይነ ምድር እንደ አዋቂው ሁሉ ተቅማጥና ሌሎች በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ተሕዋስያንን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከጨርቁ ላይ ተራግፎ መጸዳጃ ቤት ውስጥ መጣል አለበት፤ ቀሪው በጥቂት ውኃ ታጥቦ እዚያው ይደፋል። በጓሮ፣ በቡናው ሥር ወይም በፍሳሽ ቦይ መድፋት የጎረቤትን ልጅ ማሳመም ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣው የወንዝ ጉዳይ ነው። በገጠር ቀበሌዎች ልብስ ወደ ወንዝ ወስዶ ማጠብ የተለመደ ቢሆንም፣ የሕፃን ጨርቅ በወንዝ ወይም በምንጭ ውስጥ መታጠብ የለበትም፤ ከታች ውኃ የሚቀዳ ሰው አለና። ውኃው በጄሪካን ተቀድቶ፣ ከምንጩ ርቆ በሳፋ ታጥቦ፣ እጣቢው መጸዳጃ ቤት ወይም ለዚሁ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ሊደፋ ይገባል። ዝናቡ በማድረቅ በኩል ቢያስቸግርም በውኃ በኩል ይክሳል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ ወደ በርሜል የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ለጨርቅ ማጠቢያ በቂ ነው፣ ወደ ቦኖ የሚደረገውንም ምልልስ ይቀንሳል።

የቆሸሸው ጨርቅ እስኪታጠብ ድረስ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከሁለት ቀን በላይ መቆየት የለበትም። ውኃ ያለበት ባልዲ መዳህ ለጀመረ ልጅ አደገኛ ነው። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ሕፃን ሊያሰምጥ ስለሚችል ባልዲው ያለ ውኃ ቢቀመጥ ወይም ከፍ ካለ ቦታ ቢደረግ ይሻላል።

ሲታጠብ በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቀለቃል፤ በሙቅ ውኃ መጀመር እድፉ ጨርቁ ላይ እንዲቀር ያደርጋል። ቀጥሎ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቅ ውኃና በሳሙና ይታሻል፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ በእንጨት እያማሰሉ መዘፍዘፍ ይቻላል። በመጨረሻም ውኃው ጥርት ብሎ አረፋ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሞ ይለቀለቃል። በጨርቅ ውስጥ የቀረ ሳሙና የሕፃኑን ቆዳ ያሳክካል። በረኪና በየቀኑ መጠቀም አይመከርም፤ ሕፃኑ ተቅማጥ ይዞት ከነበረ በጥቂቱ ተጨምሮ በሚገባ ሊለቀለቅ ይችላል። የልብስ ማለስለሻ የጨርቁን የመምጠጥ አቅም ስለሚቀንስ አይጨመርም። ያጠበም ሰው ከሥራው በኋላ እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት።

እንዶድን በተመለከተ የሚጠይቁ እናቶች ይኖራሉ። እንዶድ በኢትዮጵያ ለዘመናት ልብስ ሲታጠብበት የኖረ ተክል ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ቢልሃርዚያን ለመከላከል እንደሚያገለግል የደረሱበት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣንም ይገድላልና እጣቢው ወደ ወንዝ መግባት የለበትም። ለሕፃን ጨርቅ ደግሞ ቆዳ የማሳከክ ባሕርይ ስላለው ተራ የልብስ ሳሙና ይሻላል።

በዝናብ ወራት ማድረቅ

ቡና በመሬት ላይ ተሰጥቶ እንደማይደርቅ፣ ይልቁንም በአልጋ ላይ ከፍ ብሎ ከላይም ከታችም ነፋስ ሊያገኘው እንደሚገባ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ለጨርቅም ሕጉ ያው ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በበረንዳ ወይም በሁለት ወገን ክፍት በሆነ ዳስ ውስጥ ገመድ ወጥሮ፣ በጨርቆቹ መካከል የአንድ ጣት ያህል ክፍተት እየተዉ መስቀል ይቻላል። ድርብ አድርጎ ገመድ ላይ መጣል የማድረቂያውን ጊዜ ያስረዝማል፤ በሁለት ጫፍ ተቆንጥጦ መዘርጋት ያሳጥረዋል። ከመሰጣቱ በፊት በሁለት ሰው በሚገባ መጠምዘዝ ከግማሽ ቀን ያላነሰ ጊዜ ያተርፋል። ጠዋት ዝናብ ከመጀመሩ በፊት የምትወጣው የሁለትና የሦስት ሰዓት ፀሐይ ልታመልጥ አይገባም፤ ስለዚህ ማታ አጥቦ ሌሊቱን በጣሪያ ሥር አንጠፍጥፎ ጠዋት ወደ ፀሐይ ማውጣት ቀን ከማጠብ ይሻላል።

ከምድጃ በላይ ማድረቅ ሁለት ጉዳት አለው። ጨርቁ ጭስ ይጠጣል፤ የወደቀ ጨርቅም ቤት ያቃጥላል። የግድ ከሆነ ከእሳቱ በቂ ርቀት ላይ ሆኖ ሰው ባለበት ሰዓት ብቻ መሆን አለበት፤ ሕፃን በሚተኛበት ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ ማድረቅ ግን ለሞት የሚያደርስ ነው፣ የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ይገድላልና።

ከእርጥበት ጋር የተያያዘ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሞቃታማና እርጥብ የአፍሪካ አካባቢዎች ኮርዲሎቢያ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቅ የዝንብ ዝርያ ይገኛል። ዝንቧ በጥላ ሥር በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ልብሱን የለበሰውን ሰው ቆዳ በስቶ በመግባት እባጭ የመሰለ ቁስል ያወጣል። ጨርቁን መሬት ላይ ወይም ሣር ላይ አለማስጣት፣ ፍጹም እስኪደርቅ መጠበቅ፣ በተለይም ከመልበሱ በፊት በሁለቱም በኩል በካውያ መተኮስ ዕንቁላሉን ያጠፋዋል። የከሰል ካውያም ይበቃል። መተኮሱ ቀሪውን እርጥበት ስለሚያወጣ በክረምት ሁለት ጥቅም በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ሻጋታ ያበቀለ ወይም የሚሸት ጨርቅ ለሕፃን መመለስ የለበትም፤ እንደገና በሙቅ ውኃ መታጠብ አለበት።

ዝናቡ ለሳምንት ሳያባራ የሚቀርባቸው ጊዜያት አሉ። ለእነዚህ ቀናት አንድ ጥቅል የሚጣል ዳይፐር በመጠባበቂያ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ከላይ ያለው ስሌት እንደሚያሳየው ይህ ቁጠባውን አያፈርሰውም።

የሕፃኑ ቆዳ

የጨርቅ ዳይፐር ፈሳሹን ወደ ጄል የሚለውጥ ኬሚካል ስለሌለው እርጥበቱ ቆዳውን ይነካል። ስለዚህ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፣ ዓይነ ምድር ከሆነ ደግሞ ወዲያውኑ መቀየር ያስፈልጋል። መቀመጫው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ሳይፈተግ በለስላሳ ጨርቅ ተደርቆ፣ ጥቂት ደቂቃ አየር ቢያገኝ መልካም ነው። ለሴት ሕፃን ጽዳቱ ከፊት ወደ ኋላ መሆን ይገባዋል። ቀላል መቅላት ሲታይ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት በስሱ መቀባት ይረዳል። ሽፍታው በሁለትና በሦስት ቀን ካልተሻለ፣ በጭን እጥፋት ውስጥ ደማቅ ቀይ ሆኖ በዙሪያው ጥቃቅን ነጠብጣብ ካወጣ፣ መግል ከያዘ ወይም ሕፃኑ ካተኮሰው በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ከፋርማሲ የሚገዛ ቅባት መጠቀም አይመከርም።

የሚጣለው ዳይፐር ወዴት ይሄዳል?

የሚጣል ዳይፐር ከእንጨት ከሚገኝ ፐልፕ፣ ከፕላስቲክ ንጣፎችና ፈሳሽ ከሚመጥ ኬሚካል የተሠራ ነው። የፕላስቲኩ ክፍል በአፈር ውስጥ ለትውልድ ይቆያል። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ጉድጓዱን ያለ ጊዜው ይሞላዋል። በእርጥበቱ ምክንያትም በግቢ ውስጥ በደንብ አይነድድም፤ ጭሱ ጎጂ ነው። ቆሻሻ የሚያነሣ ማኅበር በሌለባቸው ቀበሌዎች ያለው አማራጭ ከውኃ አካል የራቀ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ነው። በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመዘገበው የካፋ፣ በ2012 የተመዘገበው የሸካ ደን ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች በዚሁ ክልል የሚገኙ ሲሆን፣ የሸካ ደን ወንዞች ወደ ባሮ ይፈስሳሉ። ከቴፒ ቦይ የገባ ዳይፐር ቴፒ ላይ አይቀርም።

ጨርቅ ሁልጊዜ ለአካባቢ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። በእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የተደረገ ጥናት በሁለቱ መካከል ያለው የአየር ንብረት ተጽዕኖ ልዩነት ጠባብ መሆኑንና የሚወሰነውም በአስተጣጠቡ እንደሆነ አሳይቷል። ማጠቢያውን ሞልቶ ማጠብ፣ በማሽን ሳይሆን በገመድ ላይ ማድረቅና ለሁለተኛ ልጅ መጠቀም ተጽዕኖውን እስከ 40 በመቶ እንደሚቀንሰውም አመልክቷል። በእኛ ሁኔታ በገመድ ማድረቁ የታወቀ ነው፤ ሊታሰብበት የሚገባው ለውኃ ማሞቂያ የሚቃጠለው እንጨት ነው። የሁለት ቀን ጨርቅ በአንድ ጊዜ ማጠብና ከምግብ ማብሰያ በተረፈ ፍም ውኃ ማሞቅ ማገዶ ይቆጥባል።

ሥራ ላይ ያሉ እናቶችና የአገልግሎት መረጃ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። ይህ በቤበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች ተቀጥረው የሚሠሩ እናቶችንም ይመለከታል። በጨርቅ መጀመር የምትፈልግ እናት በእነዚህ ወራት ልማዱን ብታጸናው ወደ ሥራ ስትመለስ አይከብዳትም። ሕፃኑን የሚይዝ ዘመድ፣ ሞግዚት ወይም የሕፃናት ማቆያ ካለ፣ ለቀኑ የሚበቃ የታጠፈ ጨርቅ፣ ሁለት መሸፈኛና የቆሸሸው የሚመለስበት ውኃ የማያፈስ ከረጢት ተዘጋጅቶ መሰጠት አለበት። ማቆያው የጨርቅ ዳይፐር እንደሚቀበል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ሕፃናት ንጽሕናና ስለ መጸዳጃ ቤት አሠራር በየቀበሌው ጤና ኬላ የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ምክር ይሰጣሉ። ሕፃኑ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ለክትባት በሚሄድበት ዕለት ቆዳውን አሳይቶ መጠየቅ የተለየ ጉዞ አያስፈልገውም። ጨርቅና መሸፈኛ ሰፍተው ለመሸጥ የሚፈልጉ ልብስ ሰፊዎችና በማኅበር የተደራጁ ሴቶች ደግሞ ስለ አደረጃጀትና ስለ ብድር ለመጠየቅ ወደ ወረዳቸው ወይም ወደ ከተማ አስተዳደራቸው የሥራና ክህሎት እንዲሁም የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይችላሉ።

ልጁ ዳይፐር ሲተው ጨርቆቹ ታጥበው፣ በሚገባ ደርቀው፣ እርጥበት በማይደርስበት ደረቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ለሁለተኛው ልጅ የሚቀረው ወጪ የሳሙናና የላስቲካቸው የላላ መሸፈኛዎች መተኪያ ነው።